የመቅደላው ሎርድ፦ ጄኔራል ናፒየርና የማዕረጉ ወራሾች

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ውድ አንባቢ፣ ይህች መጽሔት የመስጊዳችንና የመተማ ቆላ ጀመዓ መታሰቢያ ሆና ሳለች የእንግሊዝ ሎርድ ታሪክ ምን ሊሠራባት ገባ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከደጃችን ብዙ አይርቅም። በእንግሊዝ አገር የመቅደላ ባሮን የሚባል የማዕረግ ስም አለ፤ ከወንድም ወደ ወንድም፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርስ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል። መቅደላ የወሎ አምባ እንጂ የእንግሊዝ ርስት አይደለም። ይህ ስም ከወሎ ተነሥቶ ለንደን ለመግባቱ ምክንያት የሆነው ጠብ ደግሞ መነሻው ከቋራው ሰው ነው፤ ከተላኩት መልእክተኞች ዋነኞቹም የገቡት በመተማ በር ነው፤ ዘመቻው ትቶት የሄደው መሣሪያ ያነገሠው ንጉሥም የሞተው እዚሁ መተማ ላይ ነው። እንግዲህ ባለማዕረጉ ማን እንደ ነበረና ስሙን እንዴት እንዳገኘ ቢያውቁት አይከፋም። (የውጭውን ዘመን እ.ኤ.አ.፣ የአገራችንን ዓ.ም. እያልኩ እጽፋለሁ።)

ሮበርት ኮርኔሊስ ናፒየር በዲሴምበር 1810 እ.ኤ.አ. ዛሬ ስሪላንካ በምትባለው በሴሎን ደሴት፣ ኮሎምቦ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻለቃ ቻርልስ ፍሬድሪክ ናፒየር የመድፈኛ መኮንን ነበር። ሕፃኑ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በኦገስት 1811 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ጃቫን ከሆላንዶች እጅ ሊወስዱ ሲዘምቱ፣ አባቱ ሜስተር ኮርኔሊስ በተባለው ምሽግ ላይ ቆሰለና ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተ። ልጁ ኮርኔሊስ የሚለውን ሁለተኛ ስሙን ያገኘው ከዚህ ምሽግ ነው። የምሽጉ ስም ራሱ ከየት መጣ ቢሉ፣ ሜስተር በሆላንድ ቋንቋ መምህር ማለት ነው፤ ከባንዳ ደሴቶች መጥቶ በዚያ ስፍራ የሚያስተምር ኮርኔሊስ ሴነን የሚባል ሰው ነበርና ሰፈሩ በእሱ ተጠራ። የአንድ አስተማሪ ስም ሰፈር ሆነ፣ ሰፈሩ ምሽግ ሆነ፣ ምሽጉ ደግሞ የእንግሊዛዊ የሙት ልጅ ስም ሆነ። ያ ሰፈር ዛሬ በጃካርታ ከተማ ውስጥ ጃቲነጋራ ይባላል። የዓለም ብዙው ሙስሊም በሚኖርበት አገር ከተወሰደ ምሽግ ስሙን ያገኘ ሕፃን፣ በ57 ዓመቱ ከሌላ የሙስሊም ምድር ከተወሰደ አምባ ሁለተኛ ስም ማግኘቱን ልብ ይሏል።

የወታደርነቱን ዘመን ባጭሩ ላሳልፈው፤ ለብቻው መጽሐፍ ይሞላል። በእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ትምህርት ቤት በአዲስኮም ተምሮ በ1826 እ.ኤ.አ. የቤንጋል መሐንዲሶች መኮንን ሆነና ወደ ሕንድ ተሻገረ። ከሲኮች ጋር በተደረጉት ሁለት ጦርነቶች ተዋጋ፣ ቆሰለም። በመካከሉ ግን ብዙ ዘመን የሠራው መንገድ መጥረግ፣ ቦይ መቆፈርና የጦር ሰፈር ማቀድ ነበር፤ ፑንጃብ እንደ ተያዘ የአገሩ ዋና መሐንዲስ ሆኖ ሠርቷል። ሕንዶች በ1857 እ.ኤ.አ. በተነሡ ጊዜ በላክናው ተዋጋ። በ1860 እ.ኤ.አ. ወደ ቻይና ዘምቶ እስከ ፔኪንግ ደረሰ፤ የንጉሡ የበጋ ቤተ መንግሥት የተዘረፈውና የተቃጠለው በዚያ ዘመቻ ነው። ከዚያ በኋላ በቦምቤይ ያለው ጦር አዛዥ ሆነ። የኛ ጉዳይ የደረሰው እዚያ ሳለ ነው።

የኛን ጉዳይ ለመጀመር ወደ ቋራ መመለስ ያስፈልጋል። ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ ከዚሁ ከቆላችን የተነሣ ሰው ነው። በ1840 ዓ.ም. በጠረፉ በደበርቂ ከግብፆች ጋር ገጥሞ መድፍና የሠለጠነ ጦር ምን እንደሚያደርግ በራሱ ላይ አየ። ከዚያ ወዲህ መድፍ ማግኘት የዘወትር ሐሳቡ ሆነ። ከነገሠ በኋላ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፎ በቱርክ ላይ ወዳጅነት ፈለገ። ቱርክ የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ግብፅንም ጨምሮ እንደሆነ የመተማ ሽማግሌዎች ያውቁታል። ደብዳቤው መልስ አላገኘም። መልሱን እንዲያመጣ የተጠበቀው ቆንስል ካሜሮንም በግብፅ እጅ ወደነበረው የሱዳን ጠረፍ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ንጉሡ ተቆጣ፤ ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን በ1864 እ.ኤ.አ. አሰረ።

እስረኞቹን እንዲያስፈታ ከእንግሊዝ የተላከው ሆርሙዝ ራሳም የሞሱል ተወላጅ የሆነ የዒራቅ ክርስቲያን ነበር። ከምጽዋ ተነሥቶ በከሰላ በኩል በኖቬምበር 1865 እ.ኤ.አ. መተማ ደረሰ፤ ከእሱ ጋር ዶክተር ብላንክና መቶ አለቃ ፕሪዶ ነበሩ። መተማ በዚያ ዘመን ከምዕራብ በኩል መጥተው የሰፈሩት የተክሩር ሙስሊሞች ከተማ ነበረች። ሼሃቸውም ለሐበሻው ንጉሥም ለግብፅም ግብር እየከፈለ በሁለት እሳት መካከል ሰላሙን ይጠብቅ ነበር። የመተማ ገበያ የሁለት መንግሥት ነጋዴ የሚገናኝበት ሆኖ የቆየው በዚህ ብልሃት ነው። መልእክተኞቹ እዚህ ፈቃድ ሲጠብቁ ቆይተው ወደ ደጋ ወጡ፤ በጃንዋሪ 1866 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ንጉሡ በክብር ተቀበላቸው፤ ጥቂት ወራት ሳያልፉ ግን እነሱም ከታሰሩት ጋር ተቆጠሩ። እንግሊዝም ጦር ለመስደድ ቆረጠች፤ አዛዡም ናፒየር ሆነ።

እዚህ ላይ መሐንዲስነቱ ታየ። በ1868 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዙላ ላይ ሲወርድ 13,000 ያህል ወታደር ነበረው፤ ብዙው ሕንዳዊ ሲሆን ሙስሊሙም ሂንዱውም ሲኩም አለበት። ከጦሩ ጋር 26,000 ያህል አገልጋይና ከ40,000 በላይ የጭነት እንስሳ ተጓዘ፤ ከእነዚህም መካከል ከባዱን መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ነበሩ። በባሕሩ ዳር የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ለገበሬውም ለባላባቱም ዋጋ የሚከፍለው በማርትሬዛ ብር ነበር፤ ብሩም በሚሊዮን የሚቆጠር ነበር። እህሉን ሳይቀማ ገዝቶ ማለፉን ያገሬው ሰው አልረሳለትም፤ ይህን ለእውነት ሲባል መጻፍ ይገባል። በትግራይ ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ተገናኝቶ መንገድ አገኘ። በወሎ በኩልም ከእመቤት መስታወት ጋር ተላልኮ ቴዎድሮስ በደቡብ እንዳያመልጥ በሩን አስዘጋ።

ውድ አንባቢ፣ መስታወትና ወርቂቱ እነማን እንደ ነበሩ ካላወቁ መቅደላ የማን እንደ ነበረ አይገባዎትም። የወሎ ኢማሞች፣ መመዶች የሚባሉት፣ ለብዙ ትውልድ አገሩን የገዙ የሙስሊም ቤት ናቸው፤ የኢማምነቱም ማዕረግ በዚያው ቤት ይወርድ ነበር። አምባው በምድራቸው ነው። ቴዎድሮስ በ1855 እ.ኤ.አ. ወሎን ወግቶ መቅደላን ያዘና ግምጃ ቤትና ወህኒ አደረገው፤ የወሎ መሳፍንት ልጆችም በመያዣነት እዚያው ታሰሩ። ሁለቱ እመቤቶች በየፊናቸው ለቤቱ ርስት ይታገሉ ነበር፤ እርስ በርስም አይዋደዱም። በ1865 እ.ኤ.አ. ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጥ ወርቂቱ ተቀብላ አሳለፈችው፤ ቴዎድሮስም በዚህ ተናዶ እዚያው የታሰረውን ልጇን ኢማም አመዴን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር ገደለው። ሰውን ከገደል መወርወር በዚያ አምባ የተለመደ ቅጣት ሆኖ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀኖችም ከውጊያው ዋዜማ ሁለት መቶ የሚጠጉ አገሬ እስረኞች በዚሁ ሁኔታ አልቀዋል። የእንግሊዝ ዘመቻ ታሪክ ስለ ጥቂት ፈረንጅ እስረኞች ብዙ ይጽፋል፤ ስለ እነዚህ ግን የሚያልፈው በመስመር ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ በእሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ በኩል የቆሰለው 20 ብቻ ነው፤ ከእነሱም ሁለቱ ኋላ ሞቱ። አዲሱን ከበስተኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ጦር በጎራዴና በነፍጥ ከወረደ ጀግና ጋር ሲገጥም የሚሆነው ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር ልብ ብለው ያንብቡት፤ የናፒየርን ጠባይ ከውጊያው ይልቅ ይህ ያሳያል። ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቀ። በፋሲካም ዕለት አንድ ሺህ ላምና አምስት መቶ በግ ለጾም መፍቻ ይሁን ብሎ ላከ። በአገራችን፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ፣ የጠላትህን እርድ ከተቀበልህ ዕርቅ ወረደ ማለት ነው፤ ሌላ ውል አያስፈልግም። ለንጉሡም ተቀብለውልሃል ተብሎ ተነገረው፤ ደስ አለው። ናፒየር ግን ከብቱን ወደ ሰፈሩ አላስገባም፤ የጠየቀው ዕርቅ ሳይሆን ንጉሡ ራሱ እጁን እንዲሰጥ ነበር። ቃሉ ከማን አፍ እንዴት እንደ ተሳሳተ መልእክተኞቹ ኋላ ተከራክረውበታል። ከብቱ ግን በሁለቱ ሰፈር መካከል ቆሞ ቀረ። ለእንግሊዛዊው መሐንዲስ ላምና በጉ ከብት ብቻ ነበር። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ጦሩ በሩን ሰብሮ ገባ፤ ቴዎድሮስም ሽጉጡን ጠጥቶ ሞቶ ተገኘ። ሽጉጡ ቀድሞ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችለት ስጦታ ነበር።

አምባው ለማን ይሰጥ? መጀመሪያ ለዋግሹም ጎበዜ ወገን ቀረበ፤ አልፈለገውም። መስታወት ከጭፍሮቿ ጋር ወደ እንግሊዞቹ ሰፈር መጣች፤ ወርቂቱም ይገባኛል ባይ ነበረች። አንዷ ልጇ በዚያ የሞተባት እናት ናት፤ ሌላዋ መንገዱን በመዝጋት ለእንግሊዝ የረዳች ናት። ናፒየር ለአንዷም አላጸናላትም። ሚያዝያ 10 ቀን አምባውን አቃጠለው፣ መድፎቹንም ሰባበረ። ከቤተ ክርስቲያኑና ከግምጃ ቤቱ የተዘረፈውን ዕቃ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ተሸክመው ወጡ፤ በደላንታ ሜዳም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣው ሰው ዋነኛው ገዢ ነበር፤ ወደ ሙዚየሙ የገቡት የብራና መጻሕፍት 350 ያህል ናቸው። የንጉሡ ልጅ ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ አብሮ ተወሰደ፤ እናቱ በመንገድ ሞተችበት፤ እሱም በ1879 እ.ኤ.አ. በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። አጽሙ ይመለስ ተብሎ በ2023 እ.ኤ.አ. ለቀረበው ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እሺ አላለም።

ናፒየር ሲመለስ ላለፈበት መንገድ ዋጋ ይሆን ዘንድ ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ 12 መድፍና ከስምንት መቶ በላይ ጠመንጃ ሰጠው። በዘመቻው የነበረ ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊም ኋላ ጦሩን አሠለጠነለት። ካሣ በዚህ ኃይል ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዋግሹም ጎበዜን፣ ማለት አፄ ተክለ ጊዮርጊስን፣ አሸነፈና በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ አፄ ዮሐንስ ተብሎ ነገሠ። የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በ1870 ዓ.ም. በወሎ ሙስሊሞች ላይ ያወረደውን መከራ ለዚህ ጀመዓ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የመመዶች ልጅ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ። ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ እምቢ ብለው ጫካ ገቡ፤ ሌላውም ወደየጠረፉ ተሰደደ። ንጉሡም በመጨረሻ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚህ መተማ ላይ ከዘኪ ጠመል ደርቡሾች ጋር ሲዋጋ ቆሰለ፤ በማግስቱም ሞተ። ይህን ሁሉ ናፒየር አሰበው ማለት አይደለም። የመንገድ ኪራይ የከፈለ መሰለው።

አሁን ወደ ማዕረጉ እንምጣ። ዘመቻው ይበቃዋል ተብሎ የተገመተው ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን የወጣበት ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ይጠጋል፤ ሕዝቡ ግን በድሉ ተደስቶ ነበርና በጁላይ 1868 እ.ኤ.አ. ናፒየር በአበሲኒያ የመቅደላና በቼስተር የካሪንግተን ባሮን ተባለ። ካሪንግተን የእናቱ ቤት ስም ነው። እንግዲህ በማዕረጉ ውስጥ አንዱ ስም የእናቱ፣ ሌላው ያቃጠለው አምባ ሆነ። ፓርላማውም በየዓመቱ 2,000 ፓውንድ ለእሱና ከእሱ ቀጥሎ ለሚወርሰው እንዲከፈል ወሰነ። ባሮን ከአምስቱ የእንግሊዝ የመኳንንት ደረጃዎች የመጨረሻው ነው፤ በላዩ ዱክ፣ ማርኩዊስ፣ ኧርልና ቫይካውንት አሉ። ከስሙ ጋር መሬት አይገኝም፤ የመቅደላ ባሮን በመቅደላ አንድ ጥማድ መሬት እንኳ የለውም። የሚገኘው ሎርድ መባልና በሎርዶች ምክር ቤት መቀመጥ ነበር።

ናፒየር ከዚያ በኋላ የሕንድ ጦር ጠቅላይ አዛዥ፣ የጂብራልታር ገዥ፣ በ1883 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፊልድ ማርሻል ሆነ፤ በጃንዋሪ 1890 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በኢንፍሉዌንዛ ሞቶ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። ከሞቱ አሥር ወር ያህል አስቀድሞ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ መውደቃቸውን አስተውሉ።

በሕይወቱ ሁለት ጊዜ አግብቶ ከአሥር በላይ ልጆች ወልዷል። በእኛ ሸሪዓ ሰው ሲሞት ዕዳው ይከፈላል፣ ኑዛዜው ይፈጸማል፣ ከዚያ ሚስትም ወንድ ልጅም ሴት ልጅም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ማንም ባዶ እጁን አይወጣም። የእንግሊዝ ማዕረግ ግን አይካፈልም። ከወንዶቹ ለታላቁ ብቻ ይሄዳል፤ እሱ ወንድ ወራሽ ከሌለው ወደ ታናሽ ወንድሙ ያልፋል፤ ሴት ልጅ ከዚህ ስም ምንም የላትም። በዚህ ሥርዓት ሁለተኛው ባሮን ሮበርት ዊልያም እስከ 1921፣ ሦስተኛው ወንድሙ ጄምስ ፒርስ እስከ 1935፣ አራተኛው የሌላ እናት ልጅ የሆነው ኤድዋርድ ኸርበርት ስኮት እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ማዕረጉን ያዙ። ሦስቱም የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አባት ከተወለደበት እስከዚህ ልጅ ሞት 138 ዓመት መሆኑን ሲያሰሉ ይገርምዎታል፤ የመቅደላን በር ያሰበረው ሰው ልጅ ጣሊያን ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላ እንኳ በሕይወት ነበር። አምስተኛው የአራተኛው ልጅ ሲሆን በ1987 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ማዕረጉም ወደ ስድስተኛው አለፈ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ አብዛኞቹን የውርስ ባለማዕረጎች ከሎርዶች ምክር ቤት ሲያስወጣ ወንበሩ ቀረ፤ ስሙ ግን አልተሻረም።

ወሎ ላይ አምባው ዛሬ አምባ ማርያም ይባላል፤ መቅደላ የሚለው ስም ለወረዳው ቀርቷል። ከተወሰደው ዕቃ ጥቂት ጥቂት ተመልሷል፤ በ1925 እ.ኤ.አ. አንድ ዘውድ ለንግሥት ዘውዲቱ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ከቴዎድሮስ ራስ ተቆርጦ የነበረ ጸጉር ለኢትዮጵያ መንግሥት ተሰጥቷል። ለንደን የሚኖር ዘመድ ካለዎት ኩዊንስ ጌት በሚባለው መንገድ ጫፍ ሎርድ ናፒየር በነሐስ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። የመቅደላው የወርቅ ዘውድ የተቀመጠበት ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምም ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው፤ መግቢያው በነጻ ነው።